ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት የሚሞላልሽን ሰው አግኚ

ሰላም እህት። ጥያቄሽን እንዳየሁ ይሄ የኔ ነው አልኩ። ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሺኝ።

ላላያችሁት ባጭሩ፦ ጠያቂያችን ስድስት ኪሎ አካባቢ ትኖራለች። አክስቷ ለፋሲካ ከጀርመን ትመጣለች። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውንና ውሃ ውስጥ ጋዝ የሚያስገባውን የሶዳ ማሽን «ላምጣልሽ ወይ?» ብላታለች። ቤታቸው አምቦ ውሃ በሣጥን ገብቶ ሳምንት አይቆይም። ጥያቄዋ ያዋጣል ወይ፣ ጋዙ እዚህ ይገኛል ወይ፣ አምቦን ይተካል ወይ የሚል ነው።

እኔ ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ ላይኛው ፎቅ። ሣጥን ተሸክሞ ደረጃ መውጣት ሲመረኝ ነው ማሽን ያስመጣሁት። አሁንም በየቀኑ ይሠራል። ስለዚህ መልሴ «ይምጣልሽ» ነው። ግን አክስትሽ ገንዘቧን ከማውጣቷ በፊት ጋዝ የሚሞላልሽን ሰው አግኚ። ማሽኑ ራሱ ቀላል ዕቃ ነው። ተራው ዓይነት ኤሌክትሪክ እንኳ አይፈልግም፤ መብራት ሄደ ቀረ ግድ የለውም። የሚያልቀው ጋዙ ነው። ጋዙ አልቆባቸው ማሽኑን ቡፌ ላይ ጌጥ ያደረጉ ዘመዶች አሉኝ።

ጋዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ጠላና ጠጅ ሲፈላ የሚወጣው ያው ጋዝ። ነገሩ የተጀመረውም ከጠመቃ ቤት ነው። ጆሴፍ ፕሪስትሊ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1767 ሊድስ ከተማ ውስጥ ከቢራ ጠማቂ ጎን ይኖር ነበር። በሚፈላው ቢራ አፍ ላይ ውሃ አስቀመጠና ጋዙን አስጠጣው። የቤት ማሽኑም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1903 እንግሊዝ አገር የተፈለሰፈ ነው። የፈረንጅ አዲስ ፋሽን እንዳይመስላችሁ።

ጀርመን አገር ጋዝ ማግኘት ችግር አይደለም። አክስትሽ ባዶውን ሲሊንደር ሱፐርማርኬት ትወስዳለች፣ የተሞላ ይቀይሩላታል። እዚህ እንዲህ ዓይነት ልውውጥ አላጋጠመኝም። ስለዚህ ያንኑ ሲሊንደር ይዞ ሄዶ ማስሞላት ነው።

ሞይውን እንዴት ታገኚዋለሽ? ሰፈርሽ ያለ ድራፍት ቤት ግቢ። ድራፍት የሚገፋው በዚሁ ጋዝ ነው። ባንኮኒው ሥር የቆመውን ትልቅ ሲሊንደር ማን እንደሚሞላላቸው ጠይቂ። አስተናጋጁ ባያውቅ ባለቤቱ ያውቃል። እኔም ሰውዬዬን ያገኘሁት እንዲሁ ነው። ስትደውዪለት መጀመሪያ የምትጠይቂው «ለመጠጥ የሚሆን ነው ወይ?» ብለሽ ነው። ሁለተኛው «ትንሿን ሲሊንደር መሙያ ማገናኛ አለህ ወይ?» የሚለው ነው። ብዙዎቹ ጋዙ አላቸው፤ ማገናኛው ነው የሚጠፋው።

እሳት ማጥፊያ የሚሞሉ ቤቶችም ይሄ ጋዝ አላቸው። ብየዳ ቤቶችም ይጠቀሙበታል። ቀረብ ስለሚሉሽ ልብሽ ወደዚያ ያዘነብላል። ይቅርብሽ። ለመጠጥ ተብሎ ያልተዘጋጀ ጋዝ ዘይትና ሌላ ቆሻሻ ይዞ ሊመጣ ይችላል። አንድ ጊዜ አንዱ «ያው ነው፣ ምንም ልዩነት የለውም» ብሎ ሞላልኝ። ውሃው ጋራዥ ጋራዥ ይሸት ጀመር። የቀረውን በረንዳ ላይ አስተንፍሼ ጨረስኩት፤ ገንዘቡም አብሮ ተነፈሰ።

ሲሞላልሽ ሚዛን መኖሩን በዓይንሽ እይ። የተለመደችው ትንሽ ሲሊንደር የምትይዘው 425 ግራም ገደማ ነው። ባዶ ክብደቷ አብዛኛውን ጊዜ አካሏ ላይ ተቀርጿል። ባዶውን መዝኖ፣ ሞልቶ፣ እንደገና መመዘን አለበት። በግምት የሚሞላ ካጋጠመሽ ሲሊንደርሽን ተቀብለሽ ውጪ። ጋዙ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሆኖ ነው። ፈሳሹ ሲሞቅ ያብጣል። ማበጫ ቦታ ካልተተወለት የደህንነት መተንፈሻው ይበጠሳል፤ ያ ደግሞ ታክሲ ውስጥ ጭንሽ ላይ ሊሆን ይችላል። 20 ዲግሪ ላይ እንኳ የሲሊንደሩ ውስጥ ግፊት 57 ባር ያህል ነው። የመኪና ጎማ ሁለት ተኩል ገደማ መሆኑን አስቢው።

በዚሁ አጋጣሚ ማገናኛ ከጠፋ «ምናለሽ ተራ ቶርኖ ቤት አሠሪ» የሚልሽ አይጠፋም። ምናለሽ ተራ የማይሠሩት ነገር እንደሌለ አውቃለሁ፤ ብዙ ዕቃዬን እዚያ ነው ያስተካከልኩት። ይሄን ግን አታሠሪ። ከላይ የጻፍኩትን ግፊት እንዲችል ተፈትኖ የተሠራውን ማገናኛ አክስትሽ ታምጣልሽ። ዋጋው ከማሽኑ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

አክስትሽ የተሞላ ሲሊንደር ሻንጣ ውስጥ ከትታ እንዳትመጣ። አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም፤ አውጥተው ያስቀሩባታል። ባዶውንም ቢሆን አየር መንገዱን አስቀድማ ትጠይቅ። ሌላው የሲሊንደሩ አፍ ነው። አንደኛው እንደ ብሎን እየተሽከረከረ የሚገባ ነው፤ ቀለሙ ሰማያዊ ነው። አዲሱ ቀጥ ብሎ ገብቶ የሚቆለፍ ነው፤ እሱ ሮዝ ነው። አንዱ ለአንዱ አይገጥምም። የትኛው እንደሚሻልሽ የሚወስነው የሞይሽ ማገናኛ ነው። ሰውየውን አስቀድመሽ አግኚ ያልኩሽም ለዚህ ነው።

አሁን ማሽኑ ቤትሽ ገባ እንበል።

ዋናው ሚስጥር ቅዝቃዜ ነው። ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ያለ ውሃ 20 ዲግሪ ካለው ውሃ እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጋዝ ይይዛል። ከቧንቧ ቀድተሽ በቀጥታ ብትጫኚው ጋዙ ጠርሙሱ ውስጥ ይንጫጫና ይወጣል። ገንዘብሽ ወደ አየር ነው የሚሄደው። ውሃውን ማታ ፍሪጅ አስገቢ፣ ጠዋት ሥሪው። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ከሞቀ ያን ቀን ይቅርብሽ።

ውሃው አፍልተሽ ያቀዘቀዝሽው ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ሲፈላ ውስጡ የነበረው አየር ይወጣል፤ ለጋዙ ቦታ ይለቃል። የክሎሪኑም ሽታ ይቀንሳል። ጋዝ የገባበት ውሃ የክሎሪን ሽታን አጉልቶ ነው የሚያወጣው። ከሮቶ የምትቀጂ ከሆነ ደግሞ ማፍላቱን አትዝለይው። ጋዝ ውሃን አያጣራም፤ ሳይፈላ የማትጠጪውን ውሃ ጋዝ ስላስገባሽበት ብቻ አትጠጪው።

አጫጫኑ እንዲህ ነው። ጠርሙሱን ምልክቱ ድረስ ብቻ ሙዪ። አጥብቀሽ ግጠሚው። አጠር አጠር አድርገሽ ተጫኚ፤ በመሃል ትንፋሽ ያህል ቆይ እያልሽ። ትርፉ ግፊት ሲወጣ የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ እሱን ከሰማሽ በኋላ አንድ ሁለቴ ብትደግሚው ይበቃል። ረጅም ጫና ጋዝ ማባከን ነው። ከዚያ ግፊቱን ቀስ ብለሽ አስተንፍሺ፣ ከድኚው፣ ፍሪጅ መልሺው። ግማሽ ሰዓት ካረፈ ጋዙ ይረጋል፤ ስትቀጂው እንደ ጉድ አይገነፍልም።

አክስትሽ ጀርመን ቤቷ የምትጠጣው ሶዳ ጋዙ ከአንቺ የበለጠ ቢቆይላት አይግረምሽ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው የተቀመጠችው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ውሃ እዚህ መቶ ሳይደርስ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚፈላውም በዚሁ ምክንያት ነው። ግፊቱ ሲያንስ ክፍት ብርጭቆ ውስጥ ያለ ውሃ ጋዙን ቶሎ ይለቃል። ጠርሙስ ሲከፈትም የበለጠ ይፈነጥቃል። ስለዚህ ብዙ ቀድተሽ አታስቀምጪ፤ ጥቂት ጥቂት ቅጂና ጠርሙሱን ወዲያው ክደኚ።

ወደ አምቦ ልምጣ። እዚህ ላይ እውነቱን ልንገርሽ፤ ማሽኑ አምቦ አይሠራም። አምቦ ጋዝ ብቻ አይደለማ። ከከተማችን ወደ ምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደሽ ከመሬት የሚወጣ፣ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ እየታሸገ የሚሸጥ የማዕድን ውሃ ነው። ባይካርቦኔት፣ ሶዲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዥየም አለው። ያቺ ጨው ጨው የምትል ጣዕሙ ከዚያ ናት። የቤት ሶዳ ጣዕሙ ባዶ ነው፤ ትንሽም ኮምጠጥ ይላል፤ ጋዙ ውሃ ውስጥ ሲገባ ደካማ አሲድ ስለሚሆን።

ይሄ የጣዕም ጉዳይ ብቻ ቢሆን አላስረዝምም ነበር። ግን ቤታችን ሁሉ ጨጓራ ነው። ቁርጥ በልቶ ወይ ሽሮው በርበሬ በዝቶበት «አምቦ አምጡልኝ» የሚል አባት የሌለበት ቤት የለም። ባይካርቦኔት የሆድን አሲድ ያበርዳል። ከማሽኑ የወጣው ውሃ ግን ይሄ የለውም። ጋዙም አንዳንዱን ሰው ሆዱን ይነፋዋል፣ ቃር ያስነሳበታል። ስለዚህ ለአባትሽ ጨጓራ ብለሽ ከሆነ አታስመጪው። ለእሳቸው አምቦውን ግዢላቸው።

ጣዕሙን ማቀራረብ ግን ይቻላል። ቤኪንግ ሶዳ አንድ ቁንጥር ለሊትር። በትንሽ ውሃ አሟሚውና ማሰሮ ወይ ጆግ ውስጥ ከሶዳው ጋር ቀላቅዪው፤ ዱቄቱን እንዳለ ከጨመርሽው ይገነፍልብሻል። እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ እንዲህ ነው የምናደርገው፤ ያልተነገረው ሰው አምቦ መስሎት የጠጣበት ቀን አለ። ደም ግፊት ላለበት ሰው ግን ሶዲየም ስለሆነ አታብዢው።

ሎሚም ዝንጅብልም የሚጨመረው ጋዙ ከገባ በኋላ ነው። ማሽኑ ላይ ከንጹሕ ውሃ ሌላ ምንም እንዳትጭኚ። ጁስ ወይ ብርዝ ብትጭኚበት አረፋው ቫልቩ ድረስ ይወጣል፣ ግድግዳሽም ይጣፍጣል። ከሁሉ የምወደው ወፈር አድርጌ የበጠበጥኩትን ማር ብርጭቆ ሥር አድርጌ ሶዳውን ቀስ ብዬ ስቀዳበት ነው። ለጾም የሚሆን፣ ስካር የሌለው፣ አፍንጫን የሚቆነጥጥ ብርዝ። ከርከዴም አፍልተሽ አቀዝቅዘሽ እንዲሁ ብታደርጊው ያምራል።

ያዋጣል ወይ ላልሽው፣ የዛሬ ዋጋ ብነግርሽ ነገ ይለወጣልና ሒሳቡን ልስጥሽ። ፋብሪካዎቹ በአንድ ሲሊንደር እስከ 60 ሊትር ይላሉ። ያ ለስለስ ያለ ለሚወድ ሰው ነው። አምቦ የለመደ ምላስ በዚያ አይረካም፤ 40 ካገኘሽ ደስ ይበልሽ። የማስሞያውን ዋጋ፣ የደርሶ መልሱን ታክሲ ጨምረሽ፣ ለ40 አካፍዪ። ከአንድ ሊትር አምቦ ጋር አስተያዪው። በሳምንት ሣጥን ለሚጨርስ ቤት ያዋጣል ባይ ነኝ። ለእንግዳ ብቻ ከሆነ አያዋጣም።

ስለ አደጋው አንድ ነገር። ሙሉ ሲሊንደር አንድ ጊዜ ቢያፈስ እዚህ ከተማ ከፍታ ላይ 300 ሊትር ያህል ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፣ አይሸትም፣ ወለል ላይ ይተኛል። ጠባብ ዝግ ኩሽና ውስጥ ቀልድ አይደለም። ሲፍ የሚል ድምፅ ከሰማሽ መስኮትና በር ከፍተሽ ሕፃናቱን ይዘሽ ውጪ። ሲሊንደሩን ምድጃ አጠገብ ወይ ፀሐይ ላይ አታስቀምጪ። ስታስሞዪም ይዘሽ የምትመለሺበትን መኪና መስኮት ክፈቺ።

ጠርሙሶቹ ላይ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን አለ፤ ቀልድ አይደለም፣ ፕላስቲኩ ይደክማል። በሙቅ ውሃ አትጠቢያቸው፤ ይጣመማሉ። ሃይላንድ ቆርጦ ለመግጠም የሚሞክር የቤት መሐንዲስ ካለ ደግሞ ከልክዪው።

ለአክስትሽ እንግዲህ ይሄን ላኪላት፦ ማሽን፣ ሁለት ትርፍ ጠርሙስ፣ መሙያ ማገናኛ፣ ትርፍ የጎማ ቀለበቶች። ማገናኛውን ከመግዛቷ በፊት የሞይሽን ትልቅ ሲሊንደር አፍ ፎቶ አንስተሽ ላኪላት፤ ጥርሱ ካልገጠመ ዋጋ የለውም። ፎቶውን እዚህም ለጥፊው፤ የማውቀው ዓይነት ከሆነ የትኛው እንደሚገጥም እነግርሻለሁ።