አሥራቴን አወጣለሁ፤ ጊዜዬንስ?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 32 ነው። ቀን ባንክ እሠራለሁ፤ ማታ ማስተርሴን እማራለሁ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከጓደኛዬ ጋር የከፈትነው የልብስ ሱቅ አለ። አሥራቴን በየወሩ አወጣለሁ። ጸሎቴ ግን ከታክሲ መስኮት መሳለም ብቻ ሆኖ ቀርቷል። እሱም ቢሆን ስልኬን ስነካካ ዑራኤልን አልፌ 22 ማዞሪያ ስደርስ ነው ትዝ የሚለኝ። እንዲህ የሆንኩት ብዙ በመፈለጌ ይሆን? አንዱን ልተው?
ሰ. ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሳትሳለሚ ማለፍሽ እንዲህ ከቆጨሽ ልብሽ ሩቅ አልሄደም።

ትምህርቱንም ሱቁንም ተዪ አልልሽም። ዳዊት ንጉሥ ነበር። ጦርነቱ፣ ችሎቱ፣ የቤቱ ጣጣ ሁሉ ነበረበት። እንዲያም ሆኖ በመዝሙር 118 በቀን ሰባት ጊዜ አመሰግንሃለሁ ይላል። ሰባቱን ዛሬውኑ ጀምሪ ብልሽ ግን ሳምንት ሳይሞላሽ ትተዪዋለሽ።

እኔን የያዘኝ አሥራትሽ ነው። ደመወዝ ሲገባ መጀመሪያ እሱን ታነሺለታለሽ እንጂ የወሩን መጨረሻ አትጠብቂም። ጊዜሽን ግን ከተረፈ ብለሽ ነው የያዝሽው። ቀን ደግሞ አይተርፍም! በኩራት የምንለው ቀድሞ የደረሰውን ነው። የአንቺ በኩራት ጠዋትሽ ነው።

ይህን የምልሽ ስላለፍኩበት ነው። የመምሪያ ኃላፊ በነበርኩበት ዘመን ስልኬን ትራሴ ሥር አድርጌ እተኛ ነበር። ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው ኢሜይል ነው። አንድ ቀን አባታችን ሆይ ብዬ ጀምሬ «የዕለት እንጀራችንን» ላይ ስደርስ ሐሳቤ ወደ ሩብ ዓመቱ ሪፖርት ሄደ። እንደገና ጀመርኩ። እዚያው ቃል ላይ ጠፋብኝ። በሦስተኛው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ያን ቀን ማታ ስልኩን ማድ ቤት አሳደርኩት። ለመቀስቀሻ ትንሽ የጠረጴዛ ሰዓት ገዛሁ። ነጠላዬን በሩ ላይ ሰቅዬ አድራለሁ፤ ስነሳ እሷን ለብሼ ወደ ምሥራቅ ዞሬ እቆማለሁ። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ቀናት ተከፋፍሎ የተዘጋጀ ነው፤ የዕለቱን ብቻ አደርሳለሁ። ስልኩ ጋ የምሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ሥራዬ አልቀነሰም። አለቃዬ ሲቆጣ ግን እንደ ድሮው ቀኑን ሙሉ አልንቀጠቀጥም ነበር።

ምን ያህል ልጸልይ የሚለውን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ። ኑሮሽን ሳትደብቂ ንገሪያቸው፤ የማታውንም ክፍል፣ የሱቁንም ሒሳብ። አቅምሽን አይተው ይሰጡሻል።

አንድ ነገር ደግሞ። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፤ ቅዳሴው ከሰዓት ነው። ለፈተና ከዓመት ፈቃድሽ ላይ ቀን ትወስጂ የለ? ከእሱ ሁለት ግማሽ ቀን ቀንሺና ዑራኤል ጋ ከታክሲው ውረጂ።