«ውሻው ነው ያስገጨኝ» ብልስ?

ጥያቄ፦ የሁለት ዓመት ውሻ አለኝ። መኪና ውስጥ ሳላስረው ከኋላ ወንበር ላይ ነው የማስቀምጠው፤ ሁሌም ተኝቶ ነበር የሚሄደው። ባለፈው ግን ሞተር ሳይክል በአጠገባችን ሲያልፍ ደንግጦ ዘለለና ጭኔ ላይ ወጣ። እሱን ስገፋ ፊቴ የቆመችውን መኪና ከኋላ ገጨኋት። ሰው አልተጎዳም። ለፖሊስም የሆነውን እንዳለ ተናገርኩ። አሁን ኢንሹራንሱ «የራስሽ ቸልተኝነት ነው» ብሎ አልከፍልም አለኝ። ጥፋቱ የውሻው ሆኖ ሳለ እኔ ልጠየቅ? ሌላም አለ። ከዚያ በፊት ውሻውን መኪና ውስጥ ትቼው ለሃያ ደቂቃ ጉዳይ ገብቼ ስወጣ፣ አንድ መንገደኛ መስታወቴን ሰብሮ አውጥቶት አገኘሁ። መስኮቱን እኮ ትንሽ ከፍቼለት ነበር! ሰውየውን መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ እንኳን ሰው አልተጎዳ። የት አገር እንደሚኖሩ ስላልጻፉልኝ፣ በብዙ አገር የሚሠራውን ልንገርዎትና ዝርዝሩን እዚያው ካለ ጠበቃ ጋር ይዩት።

«ጥፋቱ የውሻው ነው» የሚለውን ክርክር ዛሬውኑ ይተዉት። የሚጎዳው እርስዎን ነው። እንስሳ ተከሳሽ አይሆንም፤ ባለቤቱ እንጂ። የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1243 እንስሳው በእጅዎ ይሁን አምልጦዎት ይጥፋ፣ ላደረሰው ጉዳት የሚጠይቀው ባለቤቱን ነው። የኢትዮጵያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 ደግሞ ጉዳቱን አስቀድሞ መገመት ባይቻል እንኳ ባለቤቱን አይለቅም። ስለዚህ «ውሻው ነው» ባሉ ቁጥር «የእኔ ውሻ ነው» እያሉ ነው።

ብዙ ደንበኞቼ እዚህ ላይ «ውሻ እሰር የሚል ሕግ የት አለ?» ይሉኛል። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ግን ብዙ አያድንም። እንግሊዝን እንውሰድ። የመንገድ ደንባቸው በቁጥር 57 ላይ ውሻም ሆነ ሌላ እንስሳ ነጂውን እንዳያዘናጋ፣ ድንገት ፍሬን ሲያዝም ሰው እንዳይጎዳ ወይም ራሱ እንዳይጎዳ በአግባቡ ይያዝ ይላል። ይህን ቁጥር መጣስ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. የ1988ቱ የትራፊክ አዋጃቸው ደንቡን አለመከተል ለፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ እንዲቀርብ ይፈቅዳል። ሕጉ አይቀጣዎትም፣ ግን ይመሰክርብዎታል እንደማለት ነው። ጀርመኖች ደግሞ በትራፊክ ደንባቸው አንቀጽ 23 ላይ እይታውም ሆነ መስማቱ በተሳፋሪ፣ በእንስሳ ወይም በጭነት እንዳይታወክ የማድረጉን ኃላፊነት በነጂው ላይ ጥለዋል። እንስሳው ከተሳፋሪና ከጭነት ጋር በአንድ መስመር መጠራቱን ልብ ይበሉ። ጣሊያን ቁጥር ትቆጥራለች፤ አንድ ለማዳ እንስሳ ነጂውን እስካላወከ ድረስ ሳይታሰር ይሄዳል፣ ከአንድ በላይ ከሆኑ ግን ሳጥን ውስጥ ወይም ከመረብ ኋላ ይሁኑ ትላለች።

አንድም ልዩ ሕግ በሌለበት አገር እንኳ ዳኛው የሚጠይቀው ያው ነው፤ ጠንቃቃ ነጂ እንዲህ ያደርግ ነበር ወይ? «ሁሌም ተኝቶ ነበር የሚሄደው» ያሉት ነገር ትንሽ ያግዝዎት ይሆናል። እኔ ብሆን ግን ብዙ አልደገፍበትም። ውሻ በድምፅ መደንገጡ ለማንም አዲስ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ኢንሹራንሱ። ተስፋ ያለው እዚህ ነው። ሁለት ነገር ይለዩ፤ የተገጨችው መኪና ጉዳት ለብቻ፣ የእርስዎ መኪና ጉዳት ለብቻ። የሦስተኛ ወገን መድን በብዙ አገር በሕግ የተገደደው ነጂዎች ስለሚሳሳቱ ነው። ቸልተኝነትን የማይሸፍን ከሆነ ማንን ሊሸፍን ነው? ስለዚህ ለተገጨው ሰው «አልከፍልም» ማለት ብዙ ጊዜ አያዋጣቸውም። ለራስዎ መኪና ግን ጉዳዩ የውል ነው። አንዳንድ ውል «ከባድ ቸልተኝነት» ሲኖር ክፍያው ይቀነሳል ወይም ይቀራል ይላል። «ከባድ» የምትለዋን ቃል አይለፏት። ውሻን ከኋላ ወንበር ላይ ሳያስሩ ማስቀመጥና ጭን ላይ አድርጎ መንዳት አንድ አይደሉም።

እና ምን ላድርግ? ካሉኝ፣ እምቢታቸውን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የትኛውን የውል አንቀጽ እንደጠቀሱም እዚያው ላይ ይጻፍ። በስልክ የተነገረ እምቢታ እምቢታ አይደለም፣ ወሬ ነው። ለፖሊስ የሰጡትን ቃል አይቀይሩ፤ እውነቱን ነው የተናገሩት። ግን ከዚያ በላይ «ጥፋተኛ ነኝ» የሚል ወረቀት ለማንም አይፈርሙ። ለተገጨው ሰውም ከኪስዎ እከፍላለሁ ብለው ቃል አይግቡ። አንዳንድ ውል ይህን ራሱን ለእምቢታ ምክንያት ያደርገዋል።

የመስታወቱ ነገር… እውነቱን ልንገርዎት፣ ባይከሱት ይሻላል። «ሃያ ደቂቃ ብቻ፣ መስኮቱም ተከፍቷል» የሚለው ጥሩ መልስ ይመስላል፤ ግን ሳይንሱ አይደግፍዎትም። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የቆመች መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት በአንድ ሰዓት ውስጥ በአማካይ 22 ዲግሪ ሴልሺየስ እንደሚጨምር ለክቷል። ከዚህ ጭማሪ 80 በመቶው የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች ነው። ውጭ 22 ዲግሪ በነበረበት ቀን እንኳ መኪናዋ ውስጥ 47 ደርሷል። መስኮት ገርበብ ማድረግ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። ውሻ ደግሞ እንደ እኛ ላብ አያልበውም፤ በዋናነት የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። የሚተነፍሰው አየር ራሱ ከጋለ ማለክለኩም ዋጋ የለውም።

የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ከእ.ኤ.አ. 2017 ወዲህ እንዲህ ያለውን መንገደኛ ከካሳ ክስ ትከላከላለች፤ ቅድመ ሁኔታ ግን አላት። መኪናው መቆለፉን ያረጋገጠ፣ ፖሊስ ወይም የእንስሳት ተቆጣጣሪ የጠራ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ጉልበት ያልተጠቀመና ባለሥልጣን እስኪመጣ እዚያው የጠበቀ መሆን አለበት። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971ዱ የንብረት ጉዳት ሕግ መሠረት ሰባሪው «ባለቤቷ ሁኔታውን ብታውቅ ኖሮ ትፈቅድልኝ ነበር» ብሎ ከልቡ ካመነ በወንጀል አይጠየቅም። ጠበቃው ተነስቶ «ውሻዎ በሙቀት ሲዝለፈለፍ ቢያዩ አይፈቅዱም ነበር?» ቢልዎት ምን ይመልሳሉ? ከሁሉ በላይ ክሱን ሲከፍቱ ውሻውን ዘግተውበት መሄድዎን በገዛ እጅዎ ጽፈው እየሰጡ ነው። በብዙ አገር ያ በራሱ በእንስሳ ላይ በሚፈጸም ጭካኔ ያስጠይቃል። የመስታወቱን ይክፈሉና ይለፉት።

ከአሁን በኋላ እንዴት ልያዘው ለሚለው፣ እኔ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። የገጠሙኝ ፋይሎች ግን አንድ ነገር አስተምረውኛል። ደረቱን የሚይዝ ማሰሪያ ይግዙና ከመቀመጫ ቀበቶው ጋር ያያይዙት። የአንገት ማሰሪያው ላይ ግን ቀበቶ አያስሩ፤ ፍሬን ሲይዙ አንገቱን ሊሰብረው ይችላል። ሳጥን ከመረጡ ሳጥኑም ይታሰር። ኤርባግ ያለው የፊት ወንበር ለውሻ ቦታ አይደለም። ረጅም መንገድ ከሆነ ከመነሳትዎ ከሦስት አራት ሰዓት በፊት ቀለል ያለ ምግብ ይብቃው፤ በየሁለት ሰዓቱ ቆም ብለው ውሃ ያጠጡት፣ ያናፍሱት። ሲያቆሙ ግን ማሰሪያው እጅዎ ላይ ሳይገባ በር አይክፈቱ። መንገድ ላይ ያመለጠ ውሻ ሌላ ፋይል ነው።

የማሰሪያውን ደረሰኝ ደግሞ አይጣሉት። ውሻው ታስሮ መቀመጡን የሚያሳይ ፎቶ ያንሱና ከደረሰኙ ጋር ያስቀምጡት። ለዚህኛው ክርክር አይረዳዎትም፤ ምናልባት ሌላ ጊዜ «ቸልተኛ ነዎት» ካሉዎት ግን የሚያሳዩት ይኖርዎታል።