ጄነሬተሩ ከአሜሪካ ይምጣ ወይስ እዚሁ ጎንደር ይገዛ?

ጎንደር ማራኪ ሰፈር የሚኖሩ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ጥያቄ ልከውልኛል። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ባለቤቴ የምትወጋው ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ ስለሆነ መብራት በሄደ ቁጥር እንጨነቃለን። አሜሪካ ያለው ልጃችን በቤንዚንም፣ በሲሊንደር ጋዝም፣ በቧንቧ ጋዝም የሚሠራ 7,500 ዋት የተጻፈበት ጄነሬተር አይቶ ‹ልላክላችሁ ወይ?› ይላል። ባለቤቴ ደግሞ ‹እንጀራ የሚያስጋግር ከሆነ ይምጣ› ብላለች። ከፍሪጁ ሌላ ስድስት አምፖል፣ ቴሌቪዥን፣ ዋይፋይ፣ እንዲሁም ውኃ ወደ ሮቶ የሚገፋ ባለ አንድ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ አለን። ምን ትመክረናለህ?»

ጋሼ፣ ልጅዎን እግዜር ይስጠው። ማሽኗን ግን እንዳይልካት። ገንዘቡን ይላክልዎትና እዚሁ ይግዙ።

መጀመሪያ ነገር የእነሱና የእኛ መብራት አይገናኝም። እዚያ የቤት ሶኬት 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው። እኛ ጋ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። ልጅዎ «240 የሚሰጥ ሶኬትም አለው» ሊልዎት ይችላል። እውነቱን ነው፣ ብዙዎቹ አላቸው። ያ 240 ግን የሁለት 120 ድምር ነው። ሁለቱም ገመዶች ፌዝ (ኤሌክትሪክ ያለባቸው) ናቸው፣ ኒውትራሉ (መመለሻው ገመድ) መሀል ላይ ተቀምጧል። እኛ ቤት ካለው ማከፋፈያ ጋር ዝም ብሎ አይገጥምም። ድግግሞሹ፣ ማለትም ኸርዙ፣ ደግሞ የባሰ ነው። የፍሪጅዎ ሞተርና ፓምፕዎ ለ50 ኸርዝ የተሠሩ ናቸው። በ60 ሲነዷቸው ከልካቸው በላይ ይሽከረከራሉ፣ ይግላሉ። «ችግር የለም፣ የሞተሩን ዙር ቀንሰን 50 እናደርገዋለን» የሚልዎት አይጠፋም። ዙሩ ከ3,600 ወደ 3,000 ሲወርድ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። የቮልቴጅ መቆጣጠሪያውም የጎደለውን ለመሙላት ሲታገል ይግላል፣ ዕድሜ አይኖረውም።

ሦስተኛው ነዳጅ የተባለው የቧንቧ ጋዝ ነው። ጎንደር ውስጥ ለየቤቱ የተዘረጋ የጋዝ ቧንቧ የለም። ለሌለ በር ቁልፍ መግዛት ነው የሚሆንብዎ።

እዚህ ላይ ስለ «ጋዝ» አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው አሳስቷልና። ባለ ሁለት ነዳጅ ማሽን ላይ ጋዝ ሲባል የሲሊንደሩ፣ የወጥ ቤቱ ቡታ ጋዝ ማለት ነው። ላምባ ማለት አይደለም። አንድ ደንበኛዬ «በጋዝ ይሠራል ብለውኛል» ብሎ ሁለት ሊትር ነጭ ጋዝ ታንከሩ ውስጥ ገልብጦ መጣ። ማስነሻ ገመዱን ሲጎትት አድሮ ትከሻው ወልቆ ነበር ማለት ይቻላል። ታንከሩንና ካርቡራቶሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቀሉበትን) አጥበን፣ ዘይቱንም ቀይረን ነው የዳነችው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ከፍታችን ልምጣ። ሻጮቹ ይህን አይነግሩዎትም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። እነዚህ ትንንሽ ሞተሮች ደግሞ ተርቦ (አየር አስገድዶ የሚያስገባ) የላቸውም፣ ያገኙትን አየር ነው የሚስቡት። በየ300 ሜትሩ ከ3 እስከ 3.5 በመቶ ጉልበት ይቀንሳሉ። ማራኪ ሲደርሱ ሩብ የሚጠጋው ሄዷል ማለት ነው። በሲሊንደር ጋዝ ሲነዱት ደግሞ ከቀረው ላይ ሌላ 10 በመቶ ገደማ ይቀነሳል።

የልጅዎን ማሽን በዚህ እንይ። በጎኗ በትልቁ የተጻፈው 7,500 ብዙ ጊዜ ለመነሻ ለጥቂት ሰከንድ የምትችለው ነው። ሳታቋርጥ የምትሰጠው 6,000 ቢሆን፣ እርስዎ ግቢ ውስጥ በቤንዚን 4,600 ያህል፣ በጋዝ 4,100 ያህል ይቀራል። ስለዚህ ሱቅ ሲገቡ ትልቁን ቁጥር ይተዉት። ዲናሞው ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ሰሌዳ ፈልገው የማያቋርጠውን ኃይል ያንብቡ። ኪሎ ዋት ይሁን ኬቪኤ ይለዩ። ኬቪኤ ከሆነ በ0.8 አባዙት፤ 3 ኬቪኤ 2.4 ኪሎ ዋት ነው ብለው ይያዙ።

የስስ አየሩ ጣጣ በጉልበት ብቻ አያበቃም። ካርቡራቶሩ ለዝቅተኛ ቦታ ተመጥኖ ስለሚመጣ እዚህ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛበታል። ባለፈው ክረምት አዲስ ማሽን አምጥተውልኝ ነበር፤ ቤንዚን ትጠጣለች፣ ጭነት ሲሰጧት ታጓራለች። ካንዴላዋን (እሳት የምትጭረውን) ፈትቼ አወጣኋት። ጫፏ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል፣ በጣቴ ስነካው ጥላሸቱ ቀረልኝ። ጥሩ ካንዴላ ጫፉ ቀለል ያለ ቡና መልክ ነው የሚኖረው። የካርቡራቶሩን ዋና ጄት (ቤንዚን የሚያልፍበትን ቁራጭ) ቀዳዳው ጠበብ ባለ ሌላ ጄት ቀየርኩላት፣ ጭሷም ጉርጉርታዋም ጠፋ። ጉልበቷ ሙሉ በሙሉ አይመለስም፣ አየሩን ማወፈር አይቻልማ። ሲገዙ ግን «የከፍታ ጄት አለው ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ሻጩ ግራ ከተጋባ ችግር የለም፣ ጄቱ ሊቀየር የሚችል መሆኑን ብቻ ያረጋግጡ።

እሺ፣ ቤትዎ ስንት ይፈልጋል? አምፖሎቹ 9 ዋት ቢሆኑ ስድስቱ 54። ፍሪጁ ሲሠራ 150 ገደማ፣ ቴሌቪዥኑ 100፣ ዋይፋይና የስልክ ቻርጅ አንድ ላይ 55 ይበሉት። ድምሩ 360 ዋት አይሞላም። ፍሪጅ ሲነሳ ግን ከሚሠራበት አምስት ስድስት እጥፍ ለቅጽበት ይስባል። ስለዚህ ለዚያች ቅጽበት ወደ 1,200 ዋት ያስፈልግዎታል።

ፓምፑ ነው ሒሳቡን የሚያበላሸው። አንድ ፈረስ ጉልበት ያለው ፓምፕ ሲሠራ 1,000 ዋት አካባቢ ይበላል፣ ሲነሳ ሦስት እጥፉን ይጠይቃል። ለእሱ ብቻ 4,500 ዋት የተጻፈበት ማሽን ሊገዙ ነው። የኔ ምክር፦ ፓምፑን ከጄነሬተሩ ዝርዝር ያውጡት። ሮቶው ያለው ለዚህ ነው። መብራት ባለ ጊዜ ይሙሉት፣ ሲሄድ ከላይ እየወረደ ይጠቀሙበት።

ምጣዱን በተመለከተ ለእትዬ እንዴት እንደምነግራቸው አላውቅም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ነው። በእኛ ከፍታ ጄነሬተሩን በጋዝ ነድቼ ልጋግርበት ካሉ ከ5,000 ዋት በላይ ሳያቋርጥ የሚሰጥ ማሽን ይፈልጋል። እሱም ቢገኝ ያ ትልቅ ማሽን ከጋገራ በኋላ ስድስት አምፖል ለማብራት በሰዓት አንድ ሊትር ይጠጣል። ትንሹ ለዚያው ሥራ ግማሽ ሊትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። እትዬ መብራት በጠፋ ቀን በእንጨት ምጣድ ቢጋግሩ እንጀራው አይከፋም፣ እንዲያውም ጭሱን ካልጠሉት ይጣፍጣል።

ስለዚህ የምመክርዎት 2,500 ዋት ያህል የማያቋርጥ ኃይል ያለው፣ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ በቤንዚንና በሲሊንደር ጋዝ የሚሠራ ማሽን ነው። ማራኪ ላይ በቤንዚን 1,900፣ በጋዝ 1,700 ዋት ይሰጥዎታል። ለ1,200 ይበቃል፣ ትንፋሽም ይተርፈዋል። ገንዘቡ ከተረፈ ኢንቨርተር የሚባለው የጄነሬተር ዓይነት ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ለቴሌቪዥንም ይመቻል። ጎረቤት የሚቀርብዎ ከሆነ ያስቡበት።

ሁለት ነዳጁ ያስፈልጋል ወይ ካሉኝ፣ ለእርስዎ አዎ። ቤንዚን በጄሪካን ቅዱልኝ ቢሉ ማደያ ላይ ምን እንደሚባሉ ያውቁታል። ተገኝቶ ቢቀመጥም ከጥቂት ወራት በኋላ ይበላሻል። ካርቡራቶር ውስጥ የተረሳ ቤንዚን ወደ ሙጫነት ይቀየርና ከመርፌ የቀጠነችዋን ቀዳዳ ይደፍናል። ወደ እኔ ከሚመጡት «አልነሳም አለች» ማሽኖች አብዛኞቹ ሕመማቸው ይኸው ነው። ጋዝ ግን ሲሊንደሩ ውስጥ ዓመትም ቢቀመጥ ያው ነው። በትንሽ ጭነት በሰዓት ግማሽ ኪሎ ቢበላ፣ 12.5 ኪሎ የሚይዝ ሲሊንደር 25 ሰዓት አካባቢ ያስኬድዎታል። ሲያልቅ የት እንደሚያስሞሉ ግን ከመግዛትዎ በፊት ያጣሩ። ጋዝ በሰፈርዎ የሚጠፋ ከሆነ ሁለት ሲሊንደር ይያዙ፣ አለዚያ ለሁለተኛው ነዳጅ የከፈሉት ከንቱ ነው።

ሲሊንደርዎን ይዘው ወደ ሱቅ ይሂዱ። ይህን አደራ እላለሁ። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ቱቦ አፉ ከእኛ ሲሊንደር ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥምም። የምድጃዎ ሬጉሌተርም ይበቃል ብለው አይገምቱ፤ መመሪያው የሚለውን ይዩ። ትንሽ ሲሊንደር ላይ ብዙ ጭነት ካበዙ ግድግዳው ያልበዋል፣ ውርጭም ይይዛል፣ ግፊቱ ይወርድና ሞተሩ ከፍ ዝቅ እያለ ይንገዳገዳል። ያኔ ማሽኑ አልተበላሸም፣ ጭነቱን ይቀንሱ።

ሱቁ ውስጥ ደግሞ ባዶውን አስነስተው «ይኸው ይሠራል» ሲሉዎት አይሸነፉ። ባዶውን ሁሉም ይሠራል። 1,500 ዋት የሆነ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያና ቴስተር ይዘው ይሂዱ። ውኃ ሞልተው ይሰኩት። ሞተሩ ለአንድ አፍታ ዝቅ ብሎ መልሶ መቆም አለበት። ቴስተሩ 220 አካባቢ መርጋት አለበት፤ ከ200 ከወረደ ይተዉት። ውኃው እስኪፈላ ይጠብቁ። ከዚያ በጋዝ ያስነሱና ይድገሙት። ሻጩ ፊቱን ካጠቆረ ሻይ ይጋብዙት፣ ውኃው ፈልቷል።

ቤት ሲደርስ የት ይቀመጥ? ማድቤት ውስጥ አይሆንም። በረንዳም አይሆንም። ሌባ ፈርቶ ማድቤት የሚያስገባ ሰው ብዙ ነው። የሞተር ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሰል አጭሰው ተኝተው የቀሩትን የገደለው ያው መርዝ ነው፤ አይሸትም፣ አይታይም። ከመስኮትና ከበር ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፣ ማርሚታው ወደ ቤት አይዙር። ሌባውን በሰንሰለት ይከላከሉት፦ ሲሚንቶ ውስጥ ቀለበት ያስቀብሩ። ለክረምቱ ከላይ ቆርቆሮ፣ ጎኑ ክፍት የሆነ ዳስ ይበቃል። መሬቱ ደልዳላ ይሁን። የጎንደር ግቢ ተዳፋት አያጣም፤ ማሽኑ ካዘነበለ የዘይት ጠቋሚው «ዘይት የለም» ብሎ ሞተሩን ያጠፋዋል። ሲሊንደሩን ጉድጓድ ነገር አጠገብ አያቁሙ። ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ካፈተለከ ወደ ታች ነው የሚሄድ። መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ ይፈትሹ።

የመጨረሻው ነገር ገመዱ ነው፤ እዚህ ላይ ቆጣ ብል ይቅር ይበሉኝ። በሁለቱም ጫፍ ስፒና ያለው ገመድ ሠርተው ጄነሬተሩን በቤት ሶኬት በኩል የሚያስገቡ አሉ። ኤሌክትሪኩ በቆጣሪው አልፎ ወደ መንገዱ መስመር ይወጣል። ምሰሶ ላይ ያለው ሠራተኛ መብራት የለም ብሎ ሽቦውን ይነካል። መብራት በድንገት ቢመጣ ደግሞ ማሽንዎ ይቃጠላል። ቼንጅ ኦቨር ያስገጥሙ፤ እሱ ወይ መብራት ኃይልን ወይ ጄነሬተሩን እንጂ ሁለቱን በአንዴ አያገናኝም። እሱ እስኪገጠም ወፈር ያለ ማራዘሚያ በመስኮት አስገብተው ፍሪጁን በቀጥታ ይሰኩ።

ማሽኑን ቀኑን ሙሉ ማስጮህም አያስፈልግዎትም። ያልተከፈተ ፍሪጅ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ለአንድ ሰዓት ያስነሱ፣ ለሦስት ሰዓት ያጥፉ። ለሌሊቱ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጠው በረዶ ያድርጉና ማታ ወደ ታችኛው ክፍል ያውርዱት። ኢንሱሊኑ ግን ከጠርሙሱ ጋር አይነካካ፣ በረዶ ከሠራ ይበላሻል።

በቤንዚን ነድተው ሲያበቁ ሞተሩን በቁልፉ አያጥፉት። የቤንዚኑን ባልቦላ ይዝጉና ካርቡራቶሩ ውስጥ ያለውን ጨርሶ በራሱ ይጥፋ። የመጀመሪያውን ዘይት ማሽኑ 20 ሰዓት ከሠራ በኋላ ይቀይሩ፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ። ሰዓቱን ግድግዳ ላይ በቾክ ይጻፉት፤ መምህር ነዎት፣ ቾክ አያጡም።