ለፊኒሺንግ ክፍል አዲስ ገቢዎች፦ ጨርቅ ስለማለስለስና ስለማጠንከር

ውድ ልጆቼ፣

በአቃቂ፣ በሰበታ፣ በዓለም ገና ወይም በቦሌ ለሚ ፊኒሺንግ ክፍል (ጨርቅ የመጨረሻ መልኩን በሚይዝበት) ስትመደቡ ቶሎ ቶሎ የምትሰሙት ትእዛዝ «ጨርቁ ሻክሯል፤ ሶፍትነር (ማለስለሻ) ጨምሩበት» የሚለው ነው። ለመፈጸም አትቸኩሉ። ጨርቅ የሚሻክርበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ሶፍትነር የሚፈታው ጥቂቱን ብቻ ነው። የቀረውን ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ልብሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠብ ሁሉም ይገለጣል።

መጀመሪያ ጨርቁ ያለፈበትን መንገድ ተመልከቱ። ድሩ ለሽመና እንዲጠነክር የተቀባው ስታርች በዲሳይዚንግ (ስታርቹን በማውጫው እጥበት) በደንብ ካልወጣ፣ ከላይ ምንም ብትደርቡበት ውስጡ ግትር ሆኖ ይቀራል። ከዳሩ ቁራጭ ቆርጣችሁ የአዮዲን ጠብታ አሳርፉበት፤ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ስታርቹ ገና አለና ጨርቁ ይመለስ። ሁለተኛው የአልካሊ ቅሪት ነው። ከብሊች (ከማንጣቱ) በኋላ የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውኃ ፒኤች (የአሲድና የአልካሊ መለኪያ ቁጥር) 7፣ ማለትም መካከለኛ፣ ቢያሳይ እንኳ በክሩ ውስጥ የቀረው ሌላ ሊሆን ይችላል። የጨርቁን ፒኤች በዓለም አቀፉ የአይኤስኦ 3071 መስፈርት መንገድ ለኩ፦ 2 ግራም ጨርቅ ተቆራርጦ በ100 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ ለ2 ሰዓት ይነቀነቃል፤ ከዚያ ውኃው ይለካል። ጊዜ ካጠራችሁ የፌኖልፍታሊን ጠብታ ይበቃል፤ ሮዝ ካሳየ አልካሊ አለና ጨርቁ ሶፍትነር ገንዳ ውስጥ እንዳይገባ።

ሦስተኛው ምክንያት በእኛ አካባቢ በጣም ችላ የሚባል ይመስለኛል፤ ከመጠን በላይ ማድረቅ ነው። ጥጥ በ20 ዲግሪና በ65 ከመቶ የአየር እርጥበት ከደረቅ ክብደቱ ከ7 እስከ 8 ከመቶ ገደማ ውኃ ይይዛል። የስቴንተሩ (ጨርቁን ወጥሮ በሙቅ አየር የሚያደርቀው ማሽን) ፍጥነት ሲቀንስ ወይም ሙቀቱ ሲያልፍ ይህ ወደ 2 ከመቶ ይወርድና ጨርቁ እንደ ካርቶን ደርቆ ይወጣል። በበጋ፣ አየሩ ራሱ ደረቅ ሲሆን፣ የሄደው እርጥበት ቶሎ አይመለስም። ስለዚህ ከስቴንተሩ መውጫ ላይ ትኩሱን ዳስሳችሁ አትፍረዱ። ናሙናውን የሙቀቱና የእርጥበቱ ልክ በሚታወቅ ክፍል ውስጥ ቢያንስ ለ4 ሰዓት ዘርግታችሁ አቆዩት፤ ከዚያ ዳስሱት። ብዙ ጊዜ መፍትሔው የማሽኑን ፍጥነት መጨመር ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ ነዳጅም ይተርፋል።

እነዚህ ሁሉ ተጣርተው ሶፍትነር ካስፈለገ፣ የትኛው እንደሆነ ለዩ። ካታዮኒክ የሚባለው ርካሽና ለጥጥ ጥሩ ነው። ጥጥ በውኃ ውስጥ አሉታዊ ኃይል ስላለው የሶፍትነሩ አዎንታዊ ጫፍ ይያያዘዋል፤ የስቡ ጭራ ወደ ውጭ ይዞርና ክር በክር ላይ እንዲንሸራተት ያደርጋል። ያው የስብ ጭራ ግን ውኃን ይገፋል። ስለዚህ ለፎጣ ሲበዛ ፎጣው ይለሰልሳል፣ ውኃ ግን አይጠጣም። ለፎጣ ውኃ ወዳድ ሲሊኮን ምረጡ፤ ከደረቀ በኋላ የውኃ ጠብታ ጣሉበትና ምን ያህል ሰከንድ እንደሚቆይ ቁጠሩ።

ሶፍትነሩ ፍሌክ (ደረቅ ቅርፊት መሳይ) ከሆነ 1 እጅ ፍሌክ በ10 እጅ ውኃ፣ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ፣ ጉብጉብ እስኪጠፋ ድረስ እያማሰላችሁ አሟሙት። ገንዳው ውስጥ አስቀድሞ ውኃው ይግባ፤ ፒኤቹ በአሴቲክ አሲድ ወደ 5 ይውረድ፤ ሶፍትነሩ ከዚያ በኋላ ተጣርቶ ይጨመር። የጉድጓድ ውኃ የምትጠቀሙ፣ ባይካርቦኔት ያለበት ውኃ ሲሞቅ ፒኤቹ ወደ ላይ ስለሚሄድ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግማችሁ ለኩ። ሳሙና ወይም አናዮኒክ (አሉታዊ ኃይል ያለው) የማንጫ ኬሚካል ከካታዮኒክ ጋር አንድ ገንዳ ውስጥ ከተገናኘ ይያያዝና እንደ እርጎ ይቋጠራል፤ ጨርቁ ላይ የሚታየው ቅባት መሳይ ነጠብጣብ ያ ነው።

መጠኑን በግምት አትጨምሩ። ፓደሩ (ጨርቁን ድብልቁ ውስጥ ነክሮ የሚጨምቀው ማሽን) 70 ከመቶ ፒክ አፕ (ጨርቁ ከክብደቱ አንጻር ይዞት የሚወጣው ድብልቅ) ካለው 100 ኪሎ ጨርቅ 70 ሊትር ይዞ ይወጣል። ድብልቁ በሊትር 30 ግራም ካለው ጨርቁ 2.1 ኪሎ ሶፍትነር ወሰደ ማለት ነው። ምርቱ 20 ከመቶ ጠጣር ካለው ደግሞ ጨርቁ ላይ የቀረው እውነተኛ ማለስለሻ 420 ግራም፣ ማለትም 0.42 ከመቶ ብቻ ነው። ሁለት ሻጮች ዋጋ ሲያቀርቡላችሁ የምታወዳድሩት በዚህ የመጨረሻ ቁጥር ነው፤ በበርሜል ዋጋ አትታለሉ።

አሚኖ ሲሊኮን የሚባለው ሶፍትነር ደስ የሚል ልስላሴ ይሰጣል፤ ጠባዩ ግን አስቸጋሪ ነው። አልካሊ፣ የሳሙና ቅሪት፣ ሙቀትና ኃይለኛ ማማሰል ኢመልሽኑን (በውኃ ውስጥ የተበተነውን ዘይት) ይሰብሩታል፤ ዘይቱ ይለይና ሮለሩ ላይ ተጣብቆ ቆይቶ ጨርቁ ላይ ይንጠባጠባል። ያንን ነጠብጣብ ተራ እጥበት አያወጣውም። ሮለሮቹ በየባቹ (በየዙሩ) መሀል ይጽዱ፤ የድብልቁም ሙቀት ከ30 ዲግሪ ብዙ አይለፍ። ነጭ ጨርቅ ላይ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ቁራጭ ተነክሮ አንድ ደግሞ ሳይነከር በ160 ዲግሪ ለ1 ደቂቃ አሳልፉና ጎን ለጎን በመስኮት ብርሃን እዩ፤ አሚኑ በሙቀት ሲቃጠል ቢጫ ያመጣል። ሲበዛ ደግሞ ክሮቹ ይንሸራተታሉ፤ ሳሳ ያለ ሽመና ስፌቱ ላይ ይከፈታል። ይህን የሚያገኘው ልብስ ስፌቱ ክፍል ስለሆነ ጥፋቱ ለሰፊዋ እንዳይቆጠር።

ወደ ማጠንከር ስንመጣ፣ አሚዶን፣ ማለትም ስታርችን፣ ሁላችሁም ከኮሌታና ከነጠላ ታውቁታላችሁ። የበቆሎ ስታርች ከ62 እስከ 72 ዲግሪ ባለው ሙቀት ያብጣል፤ ለጥሩ ሥራ ግን የማብሰያ ሰነዱ 95 ዲግሪ ይላል። እዚህ ላይ አስተውሉ፦ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ ክፍት ድስት ውስጥ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። 95 ዲግሪ አይደርስም፤ የቱንም ያህል እንፋሎት ብትለቁ ውኃው ይተናል እንጂ አይሞቅም። ሰነዱ 20 ደቂቃ ካለ እናንተ ወደ 35 ደቂቃ አስረዝሙት፤ ጠብታው በጣቶቻችሁ መሀል ጥራጥሬ ሳይሰማ ጥርት ብሎ ሲለጠጥ ደርሷል። በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጣችሁ ጀምሩ፤ ዱቄቱን ፍል ውኃ ላይ መጣል ውስጡ ጥሬ የሆነ ጉብጉብ ያመጣል። የተረፈውን ለነገ አታሳድሩ፤ ይረጋል፣ ይሻግታል፣ ጨርቁ ላይ ሽታ ይተዋል።

አሚዶ በመጀመሪያ እጥበት ይሄዳል። እንዲቆይ ከተፈለገ ፖሊቪኒል አሲቴት (ሙጫ መሳይ ፕላስቲክ) በሊትር ከ30 እስከ 60 ግራም ይሞከራል፤ ሲሞቅ ስለሚለሰልስ ግን ትኩስ ሲሊንደር ላይ ይጣበቃል። በጣም ኃይለኛ ማድረቅም ኬሚካሉን ከክሩ ውስጥ ወደ ላይኛው ገጽ ይስበዋል፤ አንዱ ፊት ይጠነክራል፣ ሌላው ይለሰልሳል። መጀመሪያ ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ሙቀት አድርቁ።

ሸሚዝ እንዳይጨማደድ የሚገባው ሬዚን በማግኒዚየም ክሎራይድ ካታሊስት (አፋጣኝ) ከደረቀ በኋላ ከ150 እስከ 160 ዲግሪ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ይበስላል። የጥጡን ሞለኪውሎች እርስ በርስ ስለሚያስር ጨርቁን ያደርቀዋል፤ የመቀደድ ጥንካሬውንም ሲሶውን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ሶፍትነር ከሬዚን ጋር የሚገባው ለዚህ ነው። ከሬዚኑ የሚለቀቀው ፎርማልዴሃይድም ቀልድ አይደለም፤ የዓለም ካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። በኦኮ ቴክስ (የጨርቅ ኬሚካል ደኅንነት ምስክር ወረቀት) መስፈርት ቆዳ የሚነካ ልብስ በኪሎ ከ75 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም፤ የሕፃናት ልብስ ላይ ጭርሱን መገኘት የለበትም። ማብሰያው አጠገብ ዓይናችሁን ካቃጠላችሁ የአየር ማውጫው አልሠራም ማለት ነውና ማሽኑን አስቁሙ።

የእጅ ስሜት ከሰው ሰው ይለያያል፤ ለክርክር ቁጥር ያዙ። ፒርስ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1930 ያሳየው ዘዴ ዛሬም ይሠራል። 25 ሚሊ ሜትር ስፋትና 200 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ በጠፍጣፋ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ቀስ እያላችሁ ወደ ውጭ ግፉት፤ ጫፉ በክብደቱ ወርዶ ከአግድም 41.5 ዲግሪ ያለውን መስመር ሲነካ የወጣውን ርዝመት ለኩና ለሁለት አካፍሉት። ይህ የመታጠፍ ርዝመቱ ነው። 150 ግራም በሜትር ካሬ የሆነ ጨርቅ፣ ማለትም 15 ሚሊ ግራም በሴንቲ ሜትር ካሬ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ካሳየ ግትርነቱ 15 በ2 ኩብ ተባዝቶ 120 ሚሊ ግራም ሴንቲ ሜትር ነው፤ 3 ሴንቲ ሜትር ካሳየ 405 ይሆናል። አንድ ሴንቲ ሜትር ከሦስት እጥፍ በላይ ለወጠው። ድሩንና ማጉን ለየብቻ ለኩ።

መብራት ሲሄድ ስቴንተሩ ውስጥ የቆመው ጨርቅ ይቃጠላል፤ በሮቹን ክፈቱ፣ በእጅ ማዞሪያው አውጡት፣ ያ ቁራጭ በምልክት ይለይ። ካታሊስት የገባበት ሬዚን ከቆየ ዋስትና የለውም፤ እንደገና አዘጋጁ።

የመጨረሻውን ድብልቅ በልክ አድርጉ። 500 ሜትር ጨርቅ ቀርቶ ስፋቱ 1.6 ሜትር፣ ክብደቱ 150 ግራም በሜትር ካሬ ከሆነ 120 ኪሎ ነው፤ በ70 ከመቶ 84 ሊትር ይወስዳል። ገንዳው ራሱ የሚይዘው 40 ሊትር ከሆነ 124 ሊትር ይበቃል። 300 ሊትር አዘጋጅቶ ትርፉን ወደ ቦይ መልቀቅ የአቃቂን ወንዝ መጉዳት ነው፤ ስታርች በወንዙ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሳል፣ ካታዮኒክ ደግሞ የውኃ ፍጥረትንና በፍሳሽ ማጣሪያው ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይገድላል። ትርፍ ከኖረ ለማጣሪያው ሠራተኛ መጠኑን ነግራችሁ ጥቂት በጥቂቱ ይለቀቅ።