ከርነል መነካካት ለጀመራችሁ ልጆች

ይሄን የምጽፈው እዚህ ባህር ዳር ፖሊ አካባቢ ላላችሁና ከርነል፣ ማለትም የሊኑክስን እምብርት፣ መነካካት ለጀመራችሁ ነው፣ ሐይቁ ዳር ማኪያቶ አዛችሁ ላፕቶፕ ከፍታችሁ ሳያችሁ እውነት ደስ ይለኛል። ግን ዋርኒንግ ሲመጣባችሁ መጀመሪያ የምታስቡት ቼኩን ኮመንት ማድረግ፣ ማለትም እንዳይሠራ መዝጋት ነው፣ «ጋሼ እሱ እኮ ዝም ብሎ ነው የሚጮኸው» ትሉኛላችሁ። ዝም ብሎ አይጮህም።

ኤፍትሬስን እዩት። ሊኑክስ ውስጥ የትኛው ፈንክሽን መቼ እንደተጠራ የሚያሳየው ነው፣ የስቲቨን ሮስቴት ሥራ፣ በፈረንጅ 2008 በከርነል ቨርሽን 2.6.27 የገባ። ኮምፓይለሩ በየፈንክሽኑ መግቢያ አንድ ጥሪ ይጨምራል፣ ትሬስ ካላደረጋችሁ ጥሪው በኖፕ፣ ምንም በማይሠራ ትእዛዝ፣ ይተካል፣ ኤክስ86 ላይ 5 ባይት፣ ስትፈልጉት ደግሞ መልሶ ጥሪ ይሆናል። ከርነሉ እየሠራ የራሱን ኮድ ይቀይራል ማለት ነው፣ ቀልድ አይደለም ይሄ።

መጀመሪያ ላይ አድራሻዎቹ የሚሰበሰቡት ፈንክሽኖቹ ሲጠሩ ነበር፣ ከዚያ አንድ ዴመን፣ ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም፣ ይነሳና እዚያ ያሉትን ጥሪዎች ይቀይራቸዋል። በመሀል ግን ለማስነሻ ብቻ የሚያስፈልገው ኮድ ሜሞሪው ይለቀቃል፣ አድራሻው ግን ዝርዝሩ ላይ ቀርቷል። ጓደኛችሁ ቀበሌ 14 የተከራየውን ቤት ለቆ ሌላ ሰው ከገባበት በኋላ በድሮው ቁልፍ ሌሊት ከፍታችሁ ዕቃ ማንሳት በሉት። አዲሱ ተከራይ ደግሞ የኢንቴል ኔትወርክ ካርድ ድራይቨር፣ ኢ1000ኢ፣ ሆኖ ተገኘ፣ የካርዱን ፍላሽ፣ መብራት ቢጠፋም የማይጠፋውን ሜሞሪ፣ እዚያው አድራሻ ላይ ማፕ አድርጎታል። ኤፍትሬስ የሚጠቀመው ኮምፔር ኤንድ ኤክስቼንጅ የሚባለውን፣ አመሳክሮ የሚቀይር የፕሮሰሰር ትእዛዝ ነበር፣ ካልተመሳሰለ አይጽፍም ተብሎ፣ ኤክስ86 ላይ ግን ባይመሳሰልም የነበረውን እሴት መልሶ ይጽፈዋል። ተራ ሜሞሪ ቢሆን ማንም ልብ አይለውም ነበር፣ ፍላሽ ላይ ግን ካርዱን አበላሸው፣ ሪቡት አያድነውም። መጀመሪያ የተጠረጠረው ደግሞ ምስኪኑ ድራይቨር ነው።

ከዚያ ያደረጉትን ነው እንድታዩልኝ የምፈልገው። 2.6.27.1 ላይ ዳይናሚኩን ክፍል፣ ኮዱን እየሠራ የሚቀይረውን፣ ዘጉት፣ 2.6.28 ላይ ዴመኑ ቀረ፣ አድራሻዎቹም ከርነሉ ቢልድ ሲደረግ እንዲመዘገቡ ሆነ፣ የማስነሻውን ኮድ ዝርዝሩ ውስጥ አላስገቡትም። አሁን ኤፍትሬስ ከመጻፉ በፊት ያነባል፣ የጠበቀው ባይት ካልሆነ አይነካውም። ስህተቱንም አይጨፈልቀውም፣ ለየብቻው የስህተት ኮድ አለው፣ ማንበብ ካቃተው ኢፎልት፣ ያነበበው ሌላ ከሆነ ኢኢንቫል፣ መጻፍ ካቃተው ኢፐርም ይላችኋል። ከዚያ ያየውን ሎግ ላይ ያወጣና ራሱን ያጠፋል፣ ማሽኑ ግን ሥራውን ይቀጥላል፣ ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው፣ መመልከቻ ብላችሁ ያስገባችሁት ነገር የሚመለከተውን ይዞ መሞት የለበትም።

ስለዚህ በቨርችዋል ማሽን ጀምሩ፣ የሚታዩትን ፈንክሽኖች የሚመርጠው ፊልተሩ ላይ አንድ ሁለት ፈንክሽን ብቻ ጻፉ፣ ሁሉንም አንዴ ከከፈታችሁት ያ አሮጌ ላፕቶፕ ይንቀራፈፍባችኋል። ኤፍትሬስ ጮኾ ከተዘጋ ሪቡት እንዳታደርጉ፣ መብራት ሳይሄድባችሁ ዲሜሴጁን፣ የከርነሉን ሎግ፣ ሙሉውን ፋይል ላይ አስቀምጡ፣ በተለይ «አክቹዋል» የሚለውን መስመር፣ እዚያ ቦታ ላይ በትክክል የተገኙት ባይቶች እነሱ ናቸው፣ መጨረሻ ላይ የጫናችሁትን ሞጁልም አብራችሁ ጻፉልኝና አምጡት፣ አብረን እናየዋለን።