በቢሮ ስዊቾች ላይ የትኛውን የትራንክ ደረጃ እንምረጥ? ጥያቄና መልስ

መላሹ፦ ዛሬ የምመልሰው ብዙ ቪላኖችን (አንዱን ኔትወርክ የምንከፋፍልባቸውን ክፍሎች) በአንድ ኬብል ከስዊች ወደ ስዊች ስለማሻገር ነው፤ ስዊች ኮምፒውተሮችን የሚያገናኘው መሣሪያ ነው፣ ብዙ ቪላኖች የሚያልፉበት ግንኙነት ደግሞ ትራንክ ይባላል። አስቀድሜ ሁለት ነገር ልለምናችሁ። የስዊቻችሁን ሞዴል ሳትጽፉ አትጠይቁኝ። የምነግራችሁን ከሠራችሁ በኋላ ደግሞ ኮንፊግሬሽኑን (የስዊቹን ቅንብር) አስቀምጡ። ያልተቀመጠ ሥራ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ መብራታችን ደግሞ እንዴት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ጠያቂ ከሐዋሳ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ባለ ሦስት ፎቅ ቢሮ አለን። በመሬቱና በሦስተኛው ፎቅ የሲስኮ ኩባንያ ካታሊስት 2960፣ በመካከለኛው 3560 ተተክሏል። 3560ው ሁለት አማራጭ ያቀርብልኛል፤ አይኤስኤል እና ዶት ዋን ኪው። የትኛውን ልምረጥ?

መላሹ፦ ሞዴሉን ስለጻፍህ አመሰግንሃለሁ። ዶት ዋን ኪውን ምረጥ። እንዲያውም በአንተ ቢሮ ምርጫ የሚባል ነገር የለም፤ 2960 አይኤስኤልን ፈጽሞ አያውቀውም።

ልዩነቱን ግን ማወቅ ይገባሃል። አይኤስኤል ሲስኮ ለራሱ መሣሪያዎች ያወጣው ዘዴ ነው። ፍሬሙን (በኬብሉ የሚጓዘውን የመረጃ ጥቅል) እንዳለ በሌላ ፖስታ ውስጥ ይከተዋል፤ ከፊት 26 ባይት፣ ከኋላ 4 ባይት፣ በድምሩ 30 ባይት ይጨምርበታል። ዶት ዋን ኪው፣ በሙሉ ስሙ 802.1ኪው፣ ግን አይትሪፕል ኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሁሉም አምራቾች የጋራ ደረጃ ነው። ፖስታ አያስፈልገውም፤ ከላኪው ማክ አድራሻ (ከመሣሪያው የኔትወርክ አድራሻ) ቀጥሎ የ4 ባይት መለያ ብቻ ይሰካል። ከእነዚህ 32 ቢቶች ውስጥ 12ቱ የቪላኑን ቁጥር ይይዛሉ። 12 ቢት 4096 ቁጥሮች ይሰጣል፤ 0 እና 4095 ለሌላ ጉዳይ የተያዙ በመሆናቸው 4094 ይቀሩልናል። ሦስቱ ቢቶች ደግሞ ቅድሚያን ያመለክታሉ፤ የቢሮህ ስልኮች በኔትወርኩ ላይ የሚያልፉ ከሆነ አንድ ቀን ያስፈልጉሃል።

በ3560 ላይ መጀመሪያ ዓይነቱን ዶት ዋን ኪው ብለህ ወስን፤ ከዚያ በኋላ ነው ፖርቱን (የኬብሉን መሰኪያ) ትራንክ የምታደርገው። ቅደም ተከተሉን ከገለበጥህ ትዕዛዙን አይቀበልህም። ያንኑ የዓይነት ትዕዛዝ በ2960 ላይ ብትጽፍ ስህተት ነው ይልሃል። አትደንግጥ፤ ሌላ አማራጭ ስለሌለው ትዕዛዙም የለውም።

ጠያቂ ከአዳማ፦ ከአይኤስኤልና ከዶት ዋን ኪው የትኛው ይሻላል?

መላሹ፦ አሁን መለስሁት። ከላይ አንብብ።

ጠያቂ ከአዲስ አበባ፦ ሁለት 2960 በኬብል አገናኘሁ፤ ፖርቶቹን እንደነበሩ ተውኋቸው። ቪላን 1 ላይ ያሉት ይገናኛሉ፣ የሒሳብ ክፍሉ ቪላን ግን አይሻገርም። ኬብሉ ይሆን?

መላሹ፦ ኬብሉ ደህና ነው፣ እህቴ። 2960 ሲገዛ ፖርቶቹ ሁሉ ትራንክ እንዲሆኑ ሌላው ወገን እስኪጠይቃቸው የሚጠብቁ ናቸው። ሁለት ሰዎች በር ላይ ቆመው «ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባሉ አይተሽ ታውቂያለሽ። ማንም ሳይገባ ይመሻል። ሁለቱንም ፖርቶች በእጅሽ ትራንክ አድርጊያቸው፣ ድርድሩንም ዝጊው። ለሠራተኞች ኮምፒውተር የሚሄዱትን ፖርቶች ደግሞ አክሰስ (የአንድ ቪላን ብቻ) አድርጊያቸው፤ አለበለዚያ ማንም ሰው ላፕቶፑን ሰክቶ ትራንክ ልሁን ብሎ ሊደራደር ይችላል። ከዚያ አስቀምጪ።

አባል ከዱባይ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልቃወም። አይኤስኤል ላይ መለያ ሳይለጠፍበት የሚያልፍ ፍሬም አልነበረም። ዶት ዋን ኪው ግን ኔቲቭ ቪላን የሚባል ክፍት በር ይዞ መጣ። እንዲያውም አሮጌው ይሻል ነበር።

አባል ከመቀሌ፦ አሮጌው ይሻላል ማለት ምን ማለት ነው? ከሌላ አምራች ስዊች ጋር የማይነጋገር ነገር ለቢሮ ምን ይጠቅማል?

አባል ከዱባይ፦ ስለ መነጋገር አላወራሁም። ስለ ደህንነት ነው።

መላሹ፦ የዱባዩ ወንድማችን ያነሳው ነጥብ ትክክል ነው፤ መደምደሚያው ግን ትክክል አይደለም። እኔን ዘወትር የሚያሳስበኝም ይኸው ኔቲቭ ቪላን ስለሆነ ጊዜ ወስጄ ልናገር።

በዶት ዋን ኪው ትራንክ ላይ አንድ ቪላን ያለ መለያ ያልፋል፤ ኔቲቭ የሚባለው እሱ ነው፤ ካልነካችሁት ቪላን 1 ነው። አንደኛው ጉዳት ይህ ነው፤ በዚህ ጫፍ ኔቲቩ 1፣ በዚያኛው ጫፍ 99 ከሆነ ከዚህ የወጣው የቪላን 1 ፍሬም እዚያ ሲደርስ የ99 ሆኖ ይገባል። ሁለት የተለያዩ ክፍሎች ሳታውቁት ተደባለቁ ማለት ነው። የእንግዶች ኮምፒውተር ከሠራተኞች ክፍል አድራሻ ሲወስድ ብታዩ መጀመሪያ የምታዩት ይህን ይሁን።

ሁለተኛው ጉዳት ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው። በኔቲቭ ቪላን ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሁለት መለያ የተደራረበበት ፍሬም ይልካል። የመጀመሪያው ስዊች የላይኛውን ያያል፤ ኔቲቩ ስለሆነ ገፎ ያሳልፈዋል። የታችኛው መለያ ግን እንደተለጠፈ ነው፤ ቀጣዩ ስዊች እሱን አንብቦ ፍሬሙን ሊደርስበት ወደማይገባው ቪላን ያስገባዋል። መልስ በዚያው መንገድ አይመለስም፤ ጉዳት ለማድረስ ግን አንድ አቅጣጫም ይበቃል።

መድኃኒቱ አሮጌውን ደረጃ መመለስ አይደለም። ማንም ያልተቀመጠበት አንድ ቁጥር፣ ለምሳሌ 999፣ ኔቲቭ አድርጉ፤ በሁሉም ትራንክ ላይ፣ በሁለቱም ጫፍ። አንድም የሠራተኛ ፖርት በዚያ ቁጥር ውስጥ አይግባ።

ጠያቂ ከባሕር ዳር፦ ኔትወርካችን በጣም ቀርፋፋ ነው፣ ምን ላድርግ?

መላሹ፦ ሞዴል የለም፣ ምልክት የለም፣ ስዕል የለም። ይህን መመለስ አልችልም።

አባል ከጅማ፦ ትራንክን በአማርኛ ለምን «ግንድ» አንለውም? ቅርንጫፎቹ ቪላኖች ይሆናሉ።

አባል ከመቀሌ፦ ግንድ የቆመ ነገር ነው። የሚተላለፍበትን ነገር ከፈለግን «አውራ መንገድ» ይሻላል።

አባል ከጅማ፦ በግንድ ውስጥስ ውኃ አይተላለፍም?

መላሹ፦ ስሙን እንደ ወደዳችሁ፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። በኤችፒ ፕሮከርቭ ስዊቾች ላይ ትራንክ ማለት ሁለትና ከዚያ በላይ ኬብሎችን እንደ አንድ ማሰር ነው። ሲስኮ ትራንክ የሚለውን እዚያ የምታገኙት ፖርቱን ለእያንዳንዱ ቪላን ታግድ (መለያ የሚለጠፍበት) በማድረግ ነው። የአንዱን መመሪያ በሌላው ላይ እየሠሩ ሌሊቱን ያነጉ ሰዎች አውቃለሁ። ሞዴል ጻፉ የምለው ለዚህ ነው።

ጠያቂ ከድሬዳዋ፦ በ2960 ትራንክ ላይ ቪላን 40ን እንዲያልፍ ፈቀድሁ፣ ሌሎቹ በሙሉ ተቋረጡ። ስዊቹን ከቢሮዬ ሆኜ ማግኘትም አልቻልሁም።

መላሹ፦ «አድ» (ጨምር) የሚለውን ቃል ዘልለሃል። ያለ እሱ ስትጽፍ በዝርዝሩ ላይ አትጨምርም፤ የነበረውን ትተካዋለህ፤ አሁን የሚያልፈው 40 ብቻ ነው። ካላስቀመጥኸው ስዊቹን አጥፍተህ አብራው፣ የቀድሞው ይመለሳል። ካስቀመጥኸው የኮንሶል ኬብል (ኮምፒውተርህን በቀጥታ ከስዊቹ ጋር የሚያገናኘውን) ይዘህ ሂድ። ወደፊት ከሩቅ ስትሠራ ስዊቹ ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱን እንዲያስነሳ አስቀድመህ እዘዘው፤ ሁሉ ነገር ደህና ከሆነ ትሰርዘዋለህ፣ ከዚያም ታስቀምጣለህ።

ጠያቂ ከአዲስ አበባ፦ ያገለገለ 3560 ልገዛ ነው። ሰውየው ኮንፊግሬሽኑን አጥፍቼዋለሁ ብሎኛል። በትራንክ ላገናኘው?

መላሹ፦ እንዳታገናኘው! የቪላኖቹ ዝርዝር ከዋናው ኮንፊግሬሽን ተለይቶ በራሱ ፋይል ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ሰውየው ያጠፋው አንዱን ብቻ ሊሆን ይችላል። በፋይሉ ውስጥ ቪቲፒ (የቪላኖችን ዝርዝር በስዊቾች መካከል የሚያመሳስለው የሲስኮ ዘዴ) የሚቆጥረው የለውጥ ቁጥርም አለ። የቪቲፒው ስምና የይለፍ ቃል ከእናንተ ጋር ከተመሳሰለና ቁጥሩ ከእናንተ ከበለጠ፣ እንግዳው ስዊች በትራንኩ በኩል የራሱን ዝርዝር ለሁሉም ያስተምራል። የእናንተ ቪላኖች ይሰረዛሉ፤ በእነርሱ ላይ ያሉ ፖርቶችም ሥራ ያቆማሉ።

ይህን በአንድ መሥሪያ ቤት ራሴ አድርጌዋለሁ። ለሙከራ ስንጠቀምበት የነበረ ስዊች ለመጠባበቂያ ብዬ ሰካሁ፤ አራት ፎቅ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። በቪቲፒ ክላየንት (በራሱ ላይ ዝርዝሩን መቀየር የማይቻልበት) ስለሆነ አይጎዳም ብዬ ነበር፤ ክላየንትም ይጎዳል። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኛውንም ስዊች ትራንስፓረንት (የሌሎችን ዝርዝር የማይቀበል፣ የራሱንም የማያስተምር) ሳላደርግና ያንን ፋይል ሳልሰርዝ አልሰካም።

ጠያቂ ከጎንደር፦ ርካሽ የቲፒ ሊንክ ስዊች ከሲስኮ ጋር በትራንክ ይሠራል?

መላሹ፦ 802.1ኪው የሚያውቅ ከሆነ ይሠራል። በብዙዎቹ ላይ ፒቪአይዲ የሚባለው (መለያ የሌለው ፍሬም የሚገባበት የቪላን ቁጥር) ለብቻው ይሞላል፤ እሱን አትርሱ።

ጠያቂ ከአዳማ፦ ለዚህ ሥራ ስንት ብር ልጠይቅ?

መላሹ፦ ይህን እኔ አልመልስም።

አባል ከዱባይ፦ ለማስተማሪያ የምንጠቀምበት ካታሊስት 1900 አለን፤ እሱ የሚያውቀው አይኤስኤልን ብቻ ነው። ምን ይደረግ?

መላሹ፦ 3560ው አይኤስኤልንም ስለሚችል ለተማሪዎች ማሳያ በዚያ አንድ ፖርት ብቻ አገናኙት። የሥራ ኔትወርክ ውስጥ ግን አይግባ።

ጠያቂ ከሐዋሳ፦ ጋሼ፣ እንዳሉት ሠራሁ፤ ኔቲቩንም 999 አደረግሁ። አሁን 3560ው ኔቲቭ ቪላን አልተመሳሰለም የሚል መልእክት በየደቂቃው ያወጣል፣ የሦስተኛው ፎቅ ፖርት ላይ።

መላሹ፦ የሦስተኛው ፎቅ 2960 ገና 1 ላይ ነው። አሁን ከ3560ው ሆነህ ልትደርስበት ካልቻልህ የኮንሶል ኬብል ይዘህ ወደ ፎቁ ውጣ። ሌላ ጊዜ ሩቁን ጫፍ አስቀድም፣ ቅርቡን አስከትል፤ ቅርቡን ከቀደምህ ወደ ሩቁ የምትገባበትን መንገድ ራስህ ትዘጋለህ። መልእክቱ ሲያቆም በሦስቱም ስዊቾች ላይ አስቀምጥ።