ነጭ ሽንኩርቱን ተዪው፣ ብርቱካኑን ያዢ

ጥያቄ፦ ለገና ነጭ ሽንኩርት በዘይት ዘፍዝፌ፣ በጠርሙስ አድርጌ ለጓደኞቼ ልሰጥ አስቤያለሁ። ቤቱን ደግሞ በደረቀ ብርቱካን ባስጌጠውስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ዘይቱ ይቅርብሽ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ አየር ስለማያገኝ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ሊራባበት ይችላል፤ በማሽተትም በመቅመስም አይታወቅም። በምትኩ ብስኩት ጋግሪ፤ ሳይቀዘቅዝ ግን አታሽጊው፣ በእንፋሎቱ ይልፈሰፈሳል።

ብርቱካኑን ወድጄዋለሁ። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቁረጪው፣ በንጹሕ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረግሽ ውሃውን አንሺ፤ ከዚያ 100 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ሰዓት እያገላበጥሽ አቆዪው። መሃሉ ጣት ላይ ከተጣበቀ ገና ነው፤ እንዲያው ብትሰቅዪው ይሻግታል። የደረቀውን መስኮት ላይ በክር ስቀዪው፣ ብርሃን ሲያልፍበት እኔ ከሚገዛው ብልጭልጭ አስበልጠዋለሁ። የጥድ ቅርንጫፍ ከጨመርሽበት ሻማ አታስጠጊው፤ ከደረቀ በቶሎ ይቀጣጠላል።